የመስሚያ መሣሪያው ከመሳቢያ ወደ ጆሮ ይመለስ



በዚህ ዓምዳችን አዲስ ገቢ ቤተሰቦችን በየቀኑ ስለሚገጥሟቸው ጉዳዮች እንነጋገራለን። ለዛሬ የመረጥነው ርዕስ በዕብራይስጥ «መክሺር ሽሚያ» ስለሚባለው የጆሮ መስሚያ መሣሪያ ነው። ይህን ርዕስ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች ቤተሰቦችን ለመጠየቅ ስንሄድ ደጋግመን የምናየው አንድ ነገር አለ። አባት ወይም እናት፣ አያት ወይም ልጅ ተመርምረው፣ ወረፋ ጠብቀው፣ ገንዘብም ተከፍሎ መሣሪያው ተሰጥቷቸዋል። ነገር ግን ጆሯቸው ላይ የለም። «የት አለ?» ብለን ስንጠይቅ መሳቢያው ይሳብና ከመድኃኒትና ከቁልፍ መካከል ከነሣጥኑ ይወጣል። «ያፏጫል»፣ «ይጮህብኛል»፣ «ሞቷል መሰለኝ»፣ «ሰው ያየኛል» የሚል መልስ እንሰማለን።

ዛሬ ልንነግራችሁ የምንፈልገው ዋናው ቁም ነገር የሚከተለው ነው። መሳቢያ ውስጥ ከሚገቡት መሣሪያዎች ብዙዎቹ የተበላሹ አይደሉም። ባትሪው ያለቀ፣ ቀዳዳው በጆሮ ኩክ የተደፈነ፣ ጆሮ ውስጥ በደንብ ያልገባ፣ ወይም ባለቤቱ ሳይለምደው የተተወ ነው። ይህን ደግሞ ከቤተሰቡ አንድ ሰው በየቀኑ አምስት ደቂቃ ቢሰጠው፣ አብዛኛውን ጊዜ እቤት ውስጥ ሊስተካከል ይችላል።

አለመስማት አለመረዳት አይደለም

ለአዲስ ገቢ ሰው መስማት ከሌላው ሰው ይልቅ ያስፈልገዋል። በራሳችን ቋንቋ ሲነገረን ግማሹ ቃል ቢያመልጠን ቀሪውን ከልምድ እንሞላዋለን። በማናውቀው ቋንቋ ግን ያመለጠንን ቃል የምንሞላበት ነገር የለንም። በመሆኑም አገር ቤት ሳሉ የመስማት ችግራቸው ያልታወቀባቸው ሰዎች፣ እዚህ ኡልፓን ሲገቡ «ዕብራይስጥ አይገባቸውም» ይባላሉ። ልጅ ከሆነ «ሰነፍ ነው፣ አይታዘዝም» ይባላል። በዕድሜ የገፉ ከሆኑ ደግሞ «አርጅተዋል፣ መርሳት ጀምረዋል» ተብለው ይተዋሉ። እሳቸውም ደጋግመው «ምን አልክ?» ማለቱ ስለሚያሳፍራቸው ዝምታን ይመርጣሉ። አገር ቤት የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ነገር የሚቆርጡ የነበሩ ሽማግሌ እዚህ በልጆቻቸው ቤት ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ። ሁለቱን ወገን መስማት ያልቻለ ሽማግሌ እንዴት ያስታርቃል? እንግዲህ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው ዕቃ ትንሽ ቢመስልም፣ አብሮት የተቀመጠው ነገር ትልቅ ነው።

ስለ ልጆችም አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። በእስራኤል በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2010 ጀምሮ አዲስ የሚወለዱ ሕፃናት ገና ሆስፒታል ሳሉ መስማታቸው ይመረመራል። ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለዱ ልጆቻችን ግን ይህን ምርመራ ላያገኙ ይችላሉ። ልጃችሁ ከኋላው ሲጠሩት የማይዞር፣ ቴሌቪዥን በጣም የሚያስጮህ፣ በአማርኛም ጭምር ንግግሩ የዘገየ ከሆነ «ቋንቋውን ሲለምድ ይተወዋል» ብላችሁ አትጠብቁ። ለቤተሰብ ሐኪም ወይም ለጢፓት ሃላብ ነርስ ንገሩና የመስማት ምርመራ ይታዘዝለት።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

መሣሪያው አራት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። ድምፅ የሚቀበል ማይክሮፎን፣ ድምፁን እንደ ሰውየው ጆሮ ልክ የሚያጎላ ክፍል፣ የጎላውን ድምፅ ወደ ጆሮ የሚያስገባ ትንሽ ስፒከርና ኃይል የሚሰጥ ባትሪ ናቸው። ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠለው ዓይነት በቱቦ ወይም በቀጭን ሽቦ አማካይነት ጆሮ ውስጥ ከሚገባው ክፍል ጋር ይያያዛል። ይህ ክፍል በጆሮው ልክ ተለክቶ የተሠራ ሲሆን በዕብራይስጥ «ኦዝኒያ» ይባላል። በአንዳንዱ መሣሪያ ላይ በኦዝኒያ ፋንታ ለስላሳ የጎማ ቆብ ይኖራል።

መሣሪያው ድምፅን ያጎላል እንጂ የጆሮን ሕመም አያድንም። የአንዱ ሰው መሣሪያ ለሌላው አይሆንም፤ ምክንያቱም «ክሊናኢት ቲክሾሬት» የምትባለው የመስማት ባለሙያ ያስተካከለችው ለአንድ ሰው ጆሮ ብቻ ነው። ስለሆነም የጎረቤትን ወይም የሟች ዘመድን መሣሪያ ወስዶ ማድረግ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል።

ጠዋት የሚደረግ

1ኛ. እጃችሁን ታጥባችሁ አድርቁ። ጠረጴዛ ላይ ፎጣ አንጥፋችሁ ተቀመጡ። የዚህ አገር ቤቶች ወለል ጠንካራ ሸክላ ስለሆነ መሣሪያው ከእጅ ቢወድቅ ይሰበራል።

2ኛ. ባትሪውን ተመልከቱ። የዚንክ ባትሪዎች በላያቸው ባለ ቀለም ልጣፊ አላቸው። ቢጫው 10 ቁጥር፣ ቡናማው 312፣ ብርቱካናማው 13፣ ሰማያዊው 675 ቁጥር ነው። ቁጥር ለማያነቡ ወላጆቻችን ቀለሙን ማስታወስ ይበቃቸዋል። ይህ ባትሪ የሚሠራው በአየር ነው። ልጣፊው ሲነሣ አየር በትናንሾቹ ቀዳዳዎች ገብቶ ያስነሣዋል። ስለዚህ ልጣፊውን ካነሣችሁ በኋላ ቶሎ አትክተቱት፤ ቢያንስ አንድ ደቂቃ፣ ቢቻል እስከ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ልጣፊው አንዴ ከተነሣ ባትሪው ሳይሠራበትም እያለቀ ይሄዳል፤ መልሶ መለጠፉም አይጠቅመውም። ትንሹ 10 ቁጥር ሳምንት ላይሞላ ይችላል፤ ትልቁ 675 ግን ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ባትሪው የሚገባው ቀዳዳዎቹና የመደመር ምልክቱ (+) ያሉበት ጎን በባትሪው ቤት ላይ ካለው ተመሳሳይ ምልክት ጋር ተገጣጥሞ ነው። የባትሪው በር አልዘጋም ካለ ባትሪው ተገልብጦ ገብቷል ማለት ነው፤ በኃይል አትጫኑት።

3ኛ. መሣሪያው መሥራቱን ፈትኑ። ከፍታችሁ በመዳፋችሁ ውስጥ ጨብጡት። ካፏጨ በሕይወት አለ። አንዳንድ አዳዲስ መሣሪያዎች ፉጨትን ስለሚያፍኑ ብዙም ላያፏጩ ይችላሉ፤ የእናንተ እንደዚህ ከሆነ እንዴት እንደሚፈተን ባለሙያዋን ጠይቁ።

4ኛ. ቀኝና ግራውን ለዩ። ቀይ ምልክት ያለው የቀኝ፣ ሰማያዊ ምልክት ያለው የግራ ጆሮ ነው። በመጀመሪያ ኦዝኒያውን ጆሮ ውስጥ አስገቡ፤ ከዚያ መሣሪያውን ከጆሮ ጀርባ አሳርፉት። ገና ሲገባ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ ቀስ አድርጎ መሳብ ይረዳል።

5ኛ. ለልጆች አጭር የመስማት ፈተና አድርጉላቸው። ይህ ፈተና በካናዳ ያስተማሩት ዳንኤል ሊንግ ያወጡት ሲሆን ስድስት ድምፆች ብቻ አሉት፦ ኣ፣ ኡ፣ ኢ፣ ሽ፣ ስ፣ ም። ከልጁ ኋላ ቆማችሁ፣ አፋችሁን ሳያይ፣ በተለመደው ድምፅ አንድ በአንድ በሉለት። የሰማውን ይድገም፤ ሕፃን ከሆነ ደግሞ ሲሰማ እጁን ያንሣ ወይም ይዙር። ወፍራምና ቀጭን ድምፆች ሁሉ በነዚህ ውስጥ ስላሉ ትናንት የሰማውን ዛሬ ካልሰማ መሣሪያው ወይም ጆሮው ችግር እንዳለበት ወዲያው ታውቃላችሁ። ይህ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

ቀን የሚጠበቅ

የመሣሪያው ጠላቶች ውኃ፣ ሙቀትና ቅባት ናቸው። ገላ ሲታጠቡ፣ ሲዋኙ ወይም ሲተኙ ይወልቃል። በበጋ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተውም። እናቶቻችን ፀጉራቸውን ቅቤ ወይም ዘይት የሚቀቡ ከሆነ በቅድሚያ መሣሪያውን አውልቀው፣ ቅባቱ ፀጉራቸው ውስጥ ከገባና እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ ይመልሱት። ቅባቱ የማይክሮፎኑን ቀዳዳ ይደፍናልና። ፀጉር ላይ የሚረጭ ሽቶም እንደዚሁ ነው። እንጀራ ሲጋገር ፊትን ከምጣዱ እንፋሎት ትንሽ ራቅ ማድረግ ጥሩ ነው።

ሻሽ ወይም ነጠላ በጆሮ ላይ ተጠብቆ ሲታሰር ማይክሮፎኑን ይሸፍናል፤ መሣሪያውም ያንኮሻኩሻል፣ ያፏጫል። ሻሹን መተው አያስፈልግም። በመሣሪያው ላይ ላላ አድርጎ ማሰር ወይም ስስ ጨርቅ መምረጥ ይበቃል። ቤት ውስጥ ውሻ ያላችሁም ተጠንቀቁ፤ ውሾች የጆሮ ሽታ ያለበትን መሣሪያ አግኝተው ማኘክ ይወዳሉ።

ማታ የሚደረግ

መሣሪያውን አውልቃችሁ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። የባትሪውን በር ክፈቱት፤ ይህ ባትሪውን ይቆጥባል፣ እርጥበቱም እንዲወጣ ያደርጋል። በኦዝኒያው ቀዳዳ ላይ ኩክ ካለ ከመሣሪያው ጋር በተሰጠው ትንሽ ብሩሽ አውጡ። መርፌ ወይም ወስፌ አታስገቡበት። ኦዝኒያው ከመሣሪያው የሚለይ ከሆነ ለይታችሁ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና እጠቡት፤ ቱቦው ውስጥ የቀረውን ውኃ በአየር መንፊያው አስወጡ፤ ሲደርቅ መልሱት። መሣሪያው ራሱ ግን ፈጽሞ ውኃ አይነካውም፤ በአልኮልም አይጠረግም፤ በፀጉር ማድረቂያም አይደርቅም። እርጥበት የሚመጥ ማድረቂያ ሣጥን ካላችሁ ሌሊቱን እዚያ ይደር።

መሣሪያው እንደ ስልክ የሚሞላ ከሆነ ሌሊቱን በመሙያው ላይ አስቀምጡት፤ መብራቱ መብራቱንም አረጋግጡ። ማታ የሚቀመጥበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ ይሁን፤ ልጆችና ውሻ የማይደርሱበት፣ ባለቤቱ ግን ጠዋት ሲነሣ የሚያየው ቦታ ቢሆን ይመረጣል።

ችግር ሲገጥም

ሲያፏጭ፦ በቅድሚያ ኦዝኒያው በደንብ መግባቱን እዩ። ቀጥሎ ድምፁ በጣም ከፍ ብሎ እንደሆነ ዝቅ አድርጉት። አሁንም ካፏጨ ጆሮው በኩክ ተደፍኖ ይሆናልና ሐኪም ይየው፤ በጥጥ እንጨት አትጎርጉሩት። ልጅ ከሆነ ጆሮው ስለሚያድግ ኦዝኒያው ጠቦት ሊሆን ይችላል። የልጆች ኦዝኒያ በየጊዜው እንደገና መለካት አለበት፤ ቱቦውም ሲደርቅ ወይም ሲጠነክር መቀየር ይኖርበታል።

ድምፅ ሲያጣ፦ አዲስ ባትሪ ሞክሩ። የኦዝኒያውን ቀዳዳ እዩ። ቱቦው ውስጥ የውኃ ጠብታ ካለ አውጡ። መጥፊያው ተነክቶ እንዳይሆን ተመልከቱ። እነዚህን አራቱን ካያችሁ በኋላ ካልሠራ መሣሪያው ወደ ተገዛበት ጣቢያ ይሂድ። እቤት ውስጥ አትፍቱት።

ስለ ባትሪው አንድ ማስጠንቀቂያ

የአዝራር መልክ ያላቸው ባትሪዎች ለሕፃናት አደገኛ ናቸው። ሕፃን ቢውጣቸው፣ አፍንጫው ወይም ጆሮው ውስጥ ቢከታቸው ሥጋን ሊያቃጥሉ ይችላሉ። አዲሱንም ያለቀውንም ባትሪ ከሕፃን እጅ አርቁ። በሕፃናት መሣሪያ ላይ የባትሪውን በር የሚቆልፍ ዓይነት እንዲሆን ጠይቁ። ልጅ ባትሪ ከዋጠ ወይም ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፤ አታስመልሱት፤ በ101 ወደ ማጌን ዳዊድ አዶም ደውሉ ወይም ወዲያው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ብዙ ሰው መሣሪያውን የሚተወው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ለዓመታት ጸጥታ የለመደ አእምሮ ድንገት የማቀዝቀዣውን ጩኸት፣ የሳህኑን ኳኳታ፣ የራሱን ድምፅ ሳይቀር ሲሰማ ይደነግጣል። «ይጮህብኛል» ማለታቸው እውነታቸውን ነው። መፍትሔው ግን ማውለቅ ሳይሆን ቀስ በቀስ ማስለመድ ነው። በመጀመሪያ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ከአንድ ሰው ጋር ጥቂት ሰዓት ይነጋገሩበት። ቀጥሎ ሁለትና ሦስት ሰው ባለበት ቡና ላይ፣ ከዚያ ወደ ገበያና ወደ አውቶቡስ ይውሰዱት። ሠርግና ለቅሶ በመጨረሻ ይምጣ፤ ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ የሚናገርበት ቦታ ከሁሉም ይከብዳልና። ልማዱ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ከዚያ በኋላም ጩኸቱ ጆሮ የሚያሳምም ከሆነ ባለሙያዋ ዘንድ ተመልሶ ማስተካከል የተለመደ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተስተካክሎ የሚያበቃ መሣሪያ የለም።

ቤተሰቡም ድርሻ አለው። ከሌላ ክፍል ሆናችሁ አትጥሩ። ቅረቡ፣ ፊት ለፊት ሁኑ፣ ቴሌቪዥኑን ዝቅ አድርጉ፣ ሳትጮሁ በዝግታ ተናገሩ። ኡልፓን የሚማሩ ከሆነ ከፊት ረድፍ ይቀመጡ፤ መምህሯም ችግሩን ትወቅ። ለልጆች ደግሞ መምህሯ የምትይዘውና ድምፅዋን በቀጥታ ወደ ልጁ መሣሪያ የሚልክ ማይክሮፎን ስላለ፣ ስለ እሱ የትምህርት ቤቱን ዮዔጼት ጠይቁ።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። በብዙ ቤት መሣሪያውን ለአያት የሚያስገባው ዕብራይስጥ የሚያውቀው ልጅ ነው። ይህ መልካም ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ሲውል ግን መሣሪያውም ከመሳቢያው አይወጣም። ስለዚህ «እኔ ላድርግልዎት» ከማለት ይልቅ «እርስዎ ይሞክሩት፣ እኔ አያለሁ» ይባል። ጥጥ ሲፈትሉ ወይም ሸማ ሲሠሩ የኖሩ እጆች ይህን ትንሽ ዕቃ ለመያዝ አያንሱም፤ የሚያስፈልጋቸው ትዕግሥት ብቻ ነው። ለሚያፍሩትም «መስማትዎ እንጂ መሣሪያው አይታይም» በሏቸው። ሰው የሚያየው ሲጠሩት የሚዞርና ሲጠየቅ የሚመልስ ሰውን ነው።

ስለ ሰንበት

«ኤሌክትሪክ ነውና ሰንበትን ያስሽራል» ብለው አርብ ማታ የሚያወልቁ አባቶችና እናቶች አሉ። ብዙ ራቢዎች ከሰንበት በፊት የበራን መሣሪያ በሰንበት ማድረግን ይፈቅዳሉ። ባትሪ ስለ መቀየር፣ ድምፅ ስለ ማስተካከልና በመሙያው ላይ ስለ ማስቀመጥ ግን ቄሳችሁን ወይም ራቢያችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ። አርብ ከሰዓት በኋላ አዲስ ባትሪ ማስገባት ጥሩ ልማድ ነው። ጸሎቱ በሚሰማበት፣ ቤተሰቡ በሚሰበሰብበት ቀን ሳይሰሙ መዋል ያሳዝናልና።

መብታችሁን እወቁ

በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1995 ጀምሮ በሚሠራው የጤና መድን ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ነዋሪ ከአራቱ ኩፓት ሆሊም (ክላሊት፣ ማካቢ፣ ሜዉሄደት፣ ሌዉሚት) የአንዱ አባል ነው። መንገዱ የሚጀምረው ከቤተሰብ ሐኪም ነው። እሱ ወደ አፍንጫ፣ ጉሮሮና ጆሮ ሐኪም ይልካችኋል፤ ቀጥሎ የመስማት ምርመራ ይደረጋል። መሣሪያ ከታዘዘ ኩፓው በዋጋው ይሳተፋል፤ ስንት እንደሚከፍል በዕድሜና በመስማት ደረጃ ስለሚለያይ ከመግዛታችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። ሻጩንም ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ለሙከራ ስንት ቀን ይሰጣል? ዋስትናው እስከ መቼ ነው? ማስተካከያው ነጻ ነው ወይ? «በጣም ውዱ ይሻላል» ብሎ ለሚያቻኩላችሁ ወዲያው አትፈርሙ። ያልገባችሁ ወረቀት ላይም አትፈርሙ።

መስማት ለሚቸገሩ ሕፃናትና ለወላጆቻቸው «ሚሃ» የሚባሉ ማኅበራት ትምህርትና ምክር ይሰጣሉ። መስማቱ በጣም ለቀነሰ ልጅም ከቢቱዋህ ሌኡሚ አበል ሊገኝ ይችላል። የምርመራውን ወረቀት ይዛችሁ በመርካዝ ክሊታ ወይም በመኖሪያችሁ ወዳለው የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ብትመጡ ማመልከቻውን አብረን እንሞላለን።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ካነበባችሁ በኋላ የምንለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ዛሬ ማታ መሳቢያችሁን ክፈቱ። መሣሪያ ካለ አውጡት፣ ጥረጉት፣ አዲስ ባትሪ አግቡበት፣ ነገ ጠዋትም ከባለቤቱ ጋር ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ካልሠራም ይዛችሁት ኑ።

በሚቀጥለው እትማችን እስክንገናኝ ጤናና ሰላም ለሁላችሁም ይሁን!